ከበሩ ሦስተኛው ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል

ካርታ ማንበብ የሚችል ሰው መንገድ አይጠይቅም። ይህን ያለው ማንም ታዋቂ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ። ከገና ወዲህ ደግሞ እኔም መናገሩን ቀነስ አድርጌዋለሁ።

ቡታጅራ ውስጥ ጂኦግራፊ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የአማዞንን ገባር ወንዞች ጥራ ብትሉኝ አንድም አይቀረኝም። የሳይቤሪያን የአየር ጠባይ የሚያውቅ ሰው ሳይቤሪያ ውስጥ እንኳ እንደኔ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሰው ፊት ቆሜ «ይቅርታ፣ እንትን ሰፈር በየት በኩል ነው?» ማለት ግን ሞቴ ነው። አንድ ጊዜ ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ሆሳዕና ለቅሶ ልንደርስ ሄደን፣ አልጠይቅም ብዬ በአንድ ሱቅ ፊት ለፊት ሦስት ጊዜ አለፍን። በአራተኛው ባለሱቁ ደክሟቸዋል ብሎ ወንበር አወጣልን። አስካለ ይህን ታሪክ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ታወራዋለች፤ በተናገረችው ቁጥር የማልፍበት ብዛት ይጨምራል፤ አሁን ሰባት ደርሷል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ብርቄ የምትባል ታናሽ እህት አለችኝ። ወላጆቻችን ቶሎ ስላረፉ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ጎረምሳ ሆኜ፣ እኩዮቼ ኳስ ሲያሳድዱ እኔ ሹሩባዋን እፈታ ነበር። አሁን አዲስ አበባ፣ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባሏ ከግርማና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ቤቱ የደረሳቸው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የቤት ምረቃው ዕለት እኔ ቀረሁ። መቅረቴ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ደውላ «ጋሼ፣ የት ደረስክ?» ስትለኝ ምን ብላት ጥሩ ነው? «ኮንዶሚኒየም የርግብ ቤት ነው፤ እኔ ደግሞ ክንፍ የለኝም። አራት ፎቅ ወጥቼ ዳቦ ከምበላ እዚሁ ቁጭ ብዬ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ» አልኳት።

ቀልዴ ነበር። እሷ ለካ «ወንድሜ ከመንገድ ሆኖ ይመርቃችኋል» ብላ የስልኩን ድምፅ ለቅቃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች። አማቷ፣ የመሥሪያ ቤት አለቃዋና የዕድሩ ሰብሳቢ ዳቦ በአፋቸው እንደያዙ ርግብ መሆናቸውን ከእኔ ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ጾሙ ሊገባደድ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። የስልኬ ጥሪ የዶሮ ኩኩሉ ነው፤ ተማሪዎቼ ናቸው እንዲህ ያደረጉት፤ መቀየር አልችልም፤ ሰውም ቀይርልኝ ብዬ አልጠይቅም።

«ጋሼ» አለችኝ ብርቄ። ሰላምታ የለም፣ ጤና ይስጥልኝ የለም። «ለገና ና። የገና ዕለት ጠዋት ከግርማ እናት ጋር ሆነን እንጠብቅሃለን። አንተ ሳትመጣ ድስት አይከፈትም፤ ጾም አይፈታም። ፈረሰኛው ያንተ ነው። ከቀረህ ግን ሁለተኛ አልጠራህም፤ ወንድም አለኝ ብዬም አላወራም።»

«እመጣለሁ» አልኩ።

«ግርማ መናኸሪያ መጥቶ ይቀበልህ?»

«ምን ሆኜ ነው የሚቀበለኝ? ቦታውን ብቻ ንገሪኝ!»

«ከበሩ ገብተህ ሦስተኛው ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በግራ በኩል ያለው በር» አለችና ዘጋችው።

በዋዜማው ልሂድ ብዬ መናኸሪያ ብወርድ የቡታጅራ ሕዝብ በሙሉ አዲስ አበባ ዘመድ አለው። ወንበር ጠፋ። ስለዚህ በገና ዕለት ጎህ ሲቀድ የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ተሰቀልኩ። አስካለ የጥርስ ሕመሟ ስለነሳባት ቀርታለች፤ ግን ሙሉ ማዳበሪያ ከረጢት አሸክማኛለች። ውስጡ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አንድ ጣሳ የተነጠረ ቅቤ አለ። ስልኬንም ከኪሴ አውጥታ በፌስታል ጠቀለለችና ከቆጮው ሥር ወሸቀችው። «የአዲስ አበባ ሌባ ኪስ እንጂ ቆጮ አይበረብርም» አለችኝ። እኔም ብልህነቷን አደነቅኩ። ብልህ የሆነ ዕቅድ ሁሉ እኔ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በዚህ ዕድሜዬ ማወቅ ነበረብኝ።

አየር ጤና ወርጄ ወደ መካኒሳ፣ ከመካኒሳ ደግሞ ወደ ላፍቶ የሚሄድ ታክሲ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጭኗ ላይ የኬክ ካርቶን አስቀምጣ፣ ታክሲው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር «ቀስ! ስም ተጽፎበታል!» እያለች ሾፌሩ ላይ ትጮኻለች። ከኋላ አንድ ሰውዬ ለበዓሉ የዘገየ በግ ይዞ፣ በጉ አንገቱን አስረዝሞ ትከሻዬ ላይ ይተነፍሳል። ዋናው መንገድ ተቆፍሮ ስለነበር ሾፌሩ በውስጥ ለውስጥ ተጠማዘዘና አንድ የብረት በር ፊት ቆመ።

«ኮንዶሚኒየም ወራጅ!» አለ ረዳቱ። «አባት፣ እዚህ አይደል የሚወርዱት?»

«አውቀዋለሁ» አልኩት። አላውቀውም ነበር።

ከእናንተ አልደብቅም። ግቢው ውስጥ ስድስት ብሎኮች በተርታ ቆመዋል። በር ያለው ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ነው። ከወዲህኛው በር ሲቆጠር ሦስተኛው የሆነው ብሎክ ከወዲያኛው አራተኛ ነው። ይህን የአንደኛ ክፍል ተማሪ ጣቱን ቆጥሮ ይደርስበታል። ዘበኛው ደግሞ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በትሕትና «ማን ጋ ነው ጋሼ? ላሳይዎት?» ብሎኛል። «ከበሩ ሦስተኛው ነው፤ ተቀመጥ» ብዬው አለፍኩ። መጠየቅ አይደለም፣ ሰው በነፃ ሊነግረኝ ሲል እንኳ እምቢ ያልኩ ሰው ነኝ።

ከረጢቱን ተሸክሜ አራት ፎቅ ወጣሁ። ሁለተኛው ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ሦስተኛው ላይ ስለ ርግብ የተናገርኩትን ቃል በሙሉ አነሳሁ። አራተኛው ላይ በግራ በኩል ያለው በር ገርበብ ብሏል፤ ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ የዶሮ ወጥ ሽታ እጄን ይዞ ወደ ውስጥ ይስበኛል። ከጢያ ጀምሮ ስለማመደው የመጣሁትን የእርቅ ቀልድ ለቀቅኩት።

«ርግቡ ደረሰ!»

አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ከኩሽና ብቅ አሉ። የግርማን እናት ያየኋቸው አንድ ጊዜ፣ ከስምንት ዓመት በፊት፣ በሠርጉ ዕለት፣ ከሠላሳ ነጠላ ለባሽ መሃል ነው። ስለዚህ እርሳቸው ናቸው ብዬ ደመደምኩ። እናትየው ደግሞ ስለ ርግቡ አልጠየቁም፤ እንግዳ ምንም ቢል እንኳን ደህና መጣህ ነው መልሱ።

«እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ! እንኳን ደህና መጡ ጋሼ! በአንድ እግራችን ቆመን ነው እኮ የጠበቅንዎት!» ብለው ጉንጬን ግራ ቀኝ ሳሙኝ። «ልጆቹ ሊቀበሉዎት መናኸሪያ ሄዱ! ተላለፋችሁ ማለት ነው!»

«አትምጡ ብያቸው ነበር እኮ!»

«እንዴት ይቀራሉ? እንደ እርስዎ ያለ ሰው ሲመጣ!»

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ብርቄ በስልክ ያን ሁሉ ኮስተር ብላ፣ ለካ ከባሏ ጋር ልትቀበለኝ ወጥታለች! ከረጢቱን እዚያው አስረከብኩ። እናትየው ጣሳውን ከፍተው አሸተቱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይኼ ነው ቅቤ! እኛስ እዚህ ቅቤ እያልን የምንበላውን እግዜር ይወቀው» አሉና፣ አይ ለሌላ ቀን ሳይሉ፣ ወዲያው ወጡ ላይ ገለበጡት። ቆጮው ከነከረጢቱ ኩሽና ገባ።

ተቀመጥኩ። ጥግ ላይ የፕላስቲክ የገና ዛፍ ቆሟል፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቅርንጫፉ ላይ ጥጥ ተነስንሶበታል። ጥጡ በረዶ መሆኑ ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ያለችው በዘጠነኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። በዚህ ኬክሮስ፣ በታኅሣሥ፣ ያውም ጠራራ ፀሐይ በመስኮት እየገባ በረዶ ዘንቦ ያውቃል? ለብርቄ ሳገኛት ይህን አስረዳታለሁ ብዬ ወሰንኩ። ግድግዳው ላይ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል። ሙሽራዋ እህቴን አትመስልም። የዛሬ ሜካፕ ደግሞ ማንን ከማን ይለያል ብዬ አለፍኩት። ሙሽራው ግርማን አይመስልም፤ ከእኔ ወገን ስላልሆነ አላስጨነቀኝም።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» አሉኝ እናትየው፣ የእጅ ውሃ እያስታጠቡኝ።

«ደግ ነው፤ እግዜር ይመስገን።»

«ከብቶቹ ደህና ናቸው?»

አንዲት ላም አለችኝ። «ደህና ናት» አልኩ።

«ባለቤትዎስ፣ ያ ሕመማቸው ተሻላቸው?»

ብርቄ የአስካለን ጥርስ ሳይቀር ለአማቷ ነግራቸዋለች! «ይነሳባታል፣ ይተዋታል» አልኩ።

«የመሬቱ ክርክርስ አለቀ?»

ከጎረቤቴ ጋር በአጥር ምክንያት ተጨቃጭቀን ነበር። «በሽማግሌ ተያዘ» አልኩ። አሁን ሳስበው፣ አገራችን ውስጥ ላም የሌለው፣ የታመመ የሌለበት፣ በድንበር ያልተካሰሰ ሰው ከየት ይገኛል? እነዚህን ጥያቄዎች አየር ላይ ብትበትኗቸው ያረፉበት ሁሉ ልክ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስንጨዋወት አንድም ጊዜ አልተሳሳትንም።

ከዚያ ገበታው ቀረበ። «አይሆንም፣ ልጆቹ ይምጡ» አልኩ። «እንግዳ እየራበው አይጠብቅም» አሉ። «ደስ አይልም፣ አብረን እንፍታ» አልኩ። «እኔን አፈር ያስበላኝ!» አሉ። እናት እንዲህ ብላችሁ ስታበቃ ሌላ ክርክር የላችሁም። አርባ ሦስት ቀን ሽሮና ጎመን ሲመላለስበት የከረመ ሆዴም ከእርሳቸው ጋር ወግኗል። ጭልፋው ገባ፣ ወጣ፤ አንድ ግዙፍ ፈረሰኛ እንጀራው መሃል አረፈ።

ለማያውቅ ልንገር። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ሆና ስትወጣ፣ ፈረሰኛው የአባወራው ወይም የክብር እንግዳው ድርሻ ነው። ሌላ ሰው ከነካው ቤቱ ውስጥ ነገር አለ ማለት ነው።

«ይኼማ...» አልኩ እንደ ማፈር ብዬ።

«ለእርስዎ ተብሎ የተቀመጠ ነው። ልጄ አደራ ብላኝ ነው የወጣችው።»

«ልጄ» ሲሉ ምራታቸውን መስሎኝ እንዲህ ያለች አማት ለሰው ሁሉ ይስጥ ብዬ መረቅኩ። በላሁ። አንጀቴ ራሰ። እንቁላሉን ጨመሩልኝ፤ በላሁ። በሞቴ ብለው ሁለት ጊዜ አጎረሱኝ። ቀበቶዬን አንድ ቀዳዳ አላላሁ። ሁለተኛውን ቀዳዳ ልፈታ ስል ከኩሽናው ውስጥ «ኩኩሉ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

እናትየው ደነገጡ። «ዶሮም ይዘው ነው እንዴ የመጡት?»

«እኔ? አልያዝኩም።»

«ኩኩሉ!»

«ኧረ ከቆጮው ውስጥ ነው! የኔ ጌታ፣ በሕይወቷ ነው እንዴ በቅጠል የጠቀለሏት? ታፈነች እኮ!» ብለው እያማተቡ ሮጡና ከረጢቱን ዘረገፉት። ስልኬ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። የኮባ ቅጠል ሽታ ያለበትን ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

«የት ነህ?» አለች ብርቄ።

«የት ልሆን ነው? አንቺ ቤት ነኛ! መናኸሪያ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? አትምጡ አላልኩም?»

«እኔ ቤት ነህ?»

«አንቺ ቤት፣ ሶፋሽ ላይ! ከአማትሽ ጋር ስንጫወት ነው የዋልነው። ወጥሽ እንዴት ያለ ነው መሰለሽ! ፈረሰኛውን በላሁልሽ።»

መልሳ ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

«ጋሼ፣ አማቴ እዚህ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ድስቱ ገና አልተከፈተም።» ዘጋችው።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ስልኩን ይዤ እናትየውን አየኋቸው።

«እናቴ... ይህ የማን ቤት ነው?»

«የልጄ የሰናይትና የባሏ የታምራት ነዋ! ምን ማለትዎ ነው? እርስዎ የታምራት አጎት አይደሉም እንዴ?»

«እኔ የብርቄ ወንድም ነኝ።»

«የትኛዋ ብርቄ?»

የሺ የሚባሉት እኚህ እናት ነገሩ ሲገባቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ወይኔ የሺ! የሰው እንግዳ አበላሁ!» ካሉ በኋላ ግን ወዲያው ተረጋጉ፤ እንደገና ጭልፋቸውን አነሱ። «የሆነው ሆኗል፤ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አይነሱም።»

ይህን እያሉ በሩ ተከፈተ። ሰናይትና ታምራት ገቡ። መሃላቸው ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ ረጅም አዛውንት አሉ። እውነተኛው አጎት ጋሽ ወልዴ ናቸው። የመጡት ከፍቼ ከተማ ነው። መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ቀጥሎ ሳህኔን አዩ፤ ከዚያ ሳህኑ ላይ ያለውን አጥንት ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼ ፈረሰኛ ነው» አሉ።

«ነበር» አልኩ።

ነገሩን እማማ የሺ አስረዱ፤ እኔ እያቋረጥኩ አበላሸሁት። የእኔ ቅቤ የተቀላቀለበት ወጥ ሊመለስ አይችልም፤ የበላሁትም እንዲሁ። ሰናይት ሳቋን ለመዋጥ ወደ ኩሽና ገባች። እኔ ግን አልሳቅኩም። እህቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴን ንቋል ብላ አኩርፋኝ ኖራ፣ ዛሬ እሷ በጾም እየጠበቀችኝ የሌላ ሰው ቤት ጠግቤ ተገኘሁ። ሁለተኛ አልጠራህም ብላኛለች፤ ብርቄ ደግሞ ያለችውን የምትረሳ ሴት አይደለችም። ይህን ስነግራቸው እማማ የሺ ጭልፋቸውን አስቀመጡ።

ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መቱ። «በአገሬ ስንት የደም ነገር አስታርቄያለሁ» አሉ። «ይኼማ የዶሮ ነው። ተነሱ፤ እንሄዳለን።»

«እርስዎ ገና ከመንገድ...»

«ተነሱ አልኩ! ድስቱንም ያዙ። ለሽምግልና ባዶ እጅ አይኬድም።»

እንዲህ ሆነን ወረድን። ታምራት ድስቱን በሁለት ፎጣ ይዟል፤ ሰናይት ቆጮውን ተሸክማለች፤ እማማ የሺ ደረጃውን በጎን እየወረዱ ጉልበታቸውን ይረግማሉ፤ ጋሽ ወልዴ ከፊት፣ እኔ ወንጀለኛው ከኋላ። ልብስ የተሰጣበትን ሜዳ ሠላሳ እርምጃ ያህል አቋርጠን ደግሞ አራት ፎቅ ወጣን። በየፎቁ በዓል ላይ ያለው ሰው በሩን ከፍቶ ያየናል፤ አንዷ «ሰርግ ነው?» ብላ ጠየቀች። ታምራት ድስቱን እያየ «ገና አልታወቀም» አላት።

በሩን የከፈተችው ብርቄ ናት። ዓይኗ አብጧል። ሁለት ዓመት ያላየሁት ፊቷ ላይ የእናታችን ኩርፊያ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ከኋላዋ ግርማ ግራ ገብቶት ቆሟል፤ ጥግ ላይ አማትየው ተቀምጠዋል፤ መሃል ላይ ያልተከፈተ ድስት አለ። ጋሽ ወልዴ ገብተው ከገበታው ፊት ቆሙ። ሁላችንም አጠገባቸው ተደረደርን።

«ተቀመጡ» አለች ብርቄ፣ እኔን ሳታይ።

«ይሁን ሳትይን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ልጄ፣ እኔ አታውቂኝም። እኔም ወንድምሽን አላውቀውም፤ ያገኘሁት ፈረሰኛዬን ሲበላ ነው። እንግዲህ አንቺም ተበድለሻል፣ እኔም ተበድያለሁ። እኔ ይቅር ካልኩት አንቺ ምን ቸገረሽ?»

«እርስዎ የተበደሉት በአንድ ብልት ነው» አለች ብርቄ። «እኔ ካንዴም ሁለቴ ነው።»

የደም ነገር ያስታረቀው ከዘራ ዝም አለ። የዚህን ጊዜ እማማ የሺ «እኔስ ጉልበቴ እምቢ አለ። ታረቁም አልታረቁም ተቀምጫለሁ» ብለው ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ። ሽምግልናው በአንድ ሰው ጎደለ።

ሌላ የሚናገርልኝ ሰው እንደሌለ ገባኝ።

«ብርቄ» አልኩ። «ፎቁ አልነበረም። ያን ቀን ሱፌን ለብሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ፣ መናኸሪያ ድረስ ሄጃለሁ። ከዚያ ነው የተመለስኩት። ለቤትሽ አንዲት ምስማር አላዋጣሁም። ያሳደግኳት ልጅ ራሷን ችላ ቤት ስትይዝ፣ እጄን እያወዛወዝኩ ገብቼ ምን ልባል? እኔን ከእንግዲህ ለምን ትፈልገኛለች አልኩ። አፍሬ ነው። ያፈርኩ ጊዜ ደግሞ እቀልዳለሁ፤ ታውቂኛለሽ።»

አስካለ እንኳ ይህን አታውቅም ነበር። ግርማ አቀርቅሮ ምንጣፉን ያያል። ብርቄ ወደ መስኮቱ ሄደች። መጋረጃውን ገለጠችው። ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ የእማማ የሺ መስኮት ወለል ብሎ ይታያል፤ የጥጡ በረዶ ሳይቀር።

«አይቼህ ነበር» አለች።

«የት?»

«ጠዋት ስትገባ። ከነከረጢትህ። እዚህ መስኮት ላይ ከንጋት ጀምሮ ቆሜ ነበር። አንገትህን ቀና አድርገህ ወደዚያኛው ብሎክ ስትገባ አየሁህ። አንድ ጊዜ ጠራሁህ፤ አልሰማህም። መጀመሪያ ሌላ ሰው ሰላም ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ስትበላ አየሁህ። እየበላህ ‹አንቺ ቤት ነኝ› ስትለኝ የምታሾፍብኝ መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን ወርደሽ አልጠራሽኝም? ሠላሳ እርምጃ እኮ ነው!»

«ለምን እጠራሃለሁ? መንገድ አውቃለሁ ያልከው አንተ! አልቀበልም ያልከው አንተ! ይፈልገኝ ብዬ ተቀመጥኩ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሁለት ዓመት ስጠብቅህ ኖሬ፣ ዓይኔ ሥር መጥተህ ወርጄ እጅህን መያዝ አቃተኝ።»

አማትየው ከጥጋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ከአንድ ማኅፀን መውጣታችሁን ማንም አይጠራጠርም» አሉ። «እኔ ግን ርቦኛል።»

መጀመሪያ የሳቀችው ብርቄ ናት። ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዋ ሳይቀር ታጠበ። እኔም ሳቅኩ። ግርማ እፎይ ብሎ ወንበር ማደል ጀመረ። ጋሽ ወልዴ «ይሁን አለች! ሰምታችኋል!» ብለው ያልተባለውን መሰከሩና ከሁሉ ቀድመው ከገበታው ራስ ተቀመጡ።

ድስቱ ተከፈተ። ብርቄ ጭልፋዋን አስገባች፤ ፈረሰኛው ወጣ። ሁሉም እኔን አየ። እሷ ግን በፊቴ አሳልፋ ጋሽ ወልዴ ፊት አስቀመጠችው። «እርሱ የገና ድርሻውን በልቷል» አለች። ጋሽ ወልዴ ብርቄን ረጅም ምርቃት መረቋት። አማትየው ምርቃቱ እስኪያልቅ አልጠበቁም።

እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሆዴ ተወጥሮ ወደ ፊት ማጎንበስ አልችልም። ብርቄ የሁሉንም እንግዳ አስተናግዳ ስታበቃ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። እንጀራውን ቆረሰች፣ ወጡን አጠቀሰች፣ አይቡን ደረበችበት፤ ጠቀለለች፣ እንደገና አጠቃለለች። የሕፃን ጡጫ ያክላል። ልጅ ሳለች፣ ትኩሳት ይዟት አልበላም ስትለኝ፣ እኔ እንደዚህ እየጠቀለልኩ በግድ አጎርሳት ነበር።

«እንቢ እንዳትለኝ» አለችኝ በቀስታ፣ ጉርሻውን አፌ ድረስ አቅርባ።

ውስጤ ለአንዲት ፍርፋሪ የሚሆን ቦታ አልነበረም። አፌን ከፈትኩ።